ከመልክ ወደ ሙያ
የወይዘሮ ዘውዲ አርአያ የሲኒማ ሕይወትና ዘመኑ

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላሉ አበው። አባባሉ መልክን ለመናቅ የተነገረ አይደለም። መልክ ብቻውን ቤት እንደማያቆም፣ ሕይወትን የሚያቆመው ሙያ መሆኑን ለማስገንዘብ የተነገረ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክር ከጥንት ጀምሮ የሚሰጠው ለባለመልኳ ሴት ነው። ተመልካቹን፣ ዳኛውን፣ ፎቶግራፍ አንሺውንና ከመልኳ ትርፍ የሚያገኘውን ነጋዴ የሚመክር ተረት እምብዛም አይሰማም። ስለ ቁንጅና ንግሥቶች የሚጻፈውም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ጉድለት የተያዘ ነው። የውድድሩ ሌሊት፣ የዘውዱ ማማር፣ የሴቲቱ ቁመናና ልብስ በሰፊው ይተረካል። ከዚያ በኋላ ምን ሠራች? ሥራውን ማን ሰጣት? ስለ እርሷ የተነገረውን ማን ወሰነ? የሚሉት ጥያቄዎች ግን ሳይነሡ ይቀራሉ።

በዚህ ሐተታ የምንመለከተው የአንዲት እንዲህ ያለች ሴት ታሪክ ነው። ወይዘሮ ዘውዲ አርአያ በወጣትነታቸው የኤርትራ የቁንጅና ንግሥት ተብለው ተመረጡ። ወደ ጣሊያን ተሻግረው በ1970ዎቹ በዚያች አገር ሲኒማ ስማቸው ከታወቀ ተዋንያን አንዷ ሆኑ። በኋላም ከካሜራው ፊት ወደ ካሜራው ኋላ አልፈው በፊልም ፕሮዲዩሰርነት ሠሩ። በትግርኛ «ዘውዲ» ማለት ዘውድ ነው፤ ስለዚህ የቁንጅና ዳኞች ዘውድ ከመድፋታቸው በፊት ዘውዱ በስማቸው ውስጥ ነበረ። ስለ ሙያና ስለ ባለሙያ ለሚጨነቅ ማኅበር መጽሔት ይህ ሕይወት የሚያቀርበው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም መልክ በር ሊከፍት ቢችልም፣ በሩ ወዴት እንደሚያስገባ የሚወስነው ካሜራውንና ገንዘቡን የያዘው ወገን መሆኑ ነው።

ከሐተታው በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። የፊልሞቹና የአውሮፓ ጉዳዮች ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያለበት ግን በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ደቀምሐሬና ዘመኑ

ወይዘሮ ዘውዲ የተወለዱት በየካቲት ወር 1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) ከአስመራ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደቀምሐሬ ነው። ከተማይቱን ጣሊያኖች ኢትዮጵያን ለመውረር በተሰናዱበትና በወረሩበት ዘመን በጋራዥ፣ በመጋዘንና በፋብሪካ ያስፋፏት ነበረች።

የልደታቸው ዘመን ራሱ አንድ የታሪክ ትምህርት ይዟል። በዚያን ጊዜ ኤርትራ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር የወሰነው ሕፃኗ ከመወለዷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈርሶ ኤርትራ አንድ ጠቅላይ ግዛት ተባለች። በ1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ ነጻ መንግሥት ሆነች። እንግዲህ አንዲት ሴት ከአንድ ከተማ ሳትነቃነቅ በልጅነቷ ሦስት ዓይነት አስተዳደር አየች ማለት ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘውዲን «የእኛ ናቸው፤ የእናንተ ናቸው» እያሉ መከራከር ታሪኩን አያብራራውም። የተወለዱት በኤርትራ ነው፤ የቁንጅና ዘውዱን የደፉት ኤርትራ የኢትዮጵያ አንድ ጠቅላይ ግዛት በነበረችበት ዘመን ነው፤ የሙያ ሕይወታቸው ያለፈው ደግሞ በጣሊያን ነው። ሦስቱንም መቀበል ይበጃል።

የአስመራ ከተማ በዚያ ዘመን ሲኒማ ቤት የሞላባት ነበረች። ዛሬም ድረስ ቆሞ የሚታየው ሲኒማ ኢምፔሮ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከተማይቱም ለሕንፃዎቿ ሲባል በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ነገር ግን እነዚያ ያማሩ አዳራሾች ሲሠሩ የተሠሩት ለአገሬው ሰው አልነበረም። በፋሺስቶቹ ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ፊልም እንዳያዩ የሚከለክል ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። ስለዚህ ከኤርትራ የተነሣች ሴት በጣሊያን ሲኒማ ሸራ ላይ ዋና ተዋናይት ሆና መታየቷ ምን ያህል ርቀት እንደ ተጓዘች ለመረዳት ከልደቷ በፊት የነበረውን ሥርዓት መመልከት ያስፈልጋል።

ሕጉ፣ ዘፈኑና ፎቶግራፉ

የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣበት ጊዜ በሮም «ፋቼታ ኔራ» የተባለ ዘፈን ወጥቶ በወታደሩ አፍ ገባ። ትርጓሜው «ጥቁሯ ፊት» እንደ ማለት ሲሆን፣ የሐበሻን ልጅ ከባርነት አውጥቶ ወደ ሮም ስለ መውሰድ የሚያወራ ነበር። ወረራው እንደ ነፃነት፣ ምድሪቱም እንደምትማረክ ቆንጆ ሴት ተሥላ ቀረበች። ብዙ ወታደር ከዘፈኑ ጋር የሐበሻ ሴቶችን ፎቶግራፍ በፖስታ ካርድ ይዞ ነበር። በካርዶቹ ላይ የሴቶቹ ገላ እንጂ ስማቸው አይገኝም።

ይሁን እንጂ የፋሺስት መንግሥት ራሱ ዘፈኑ የቀሰቀሰውን ነገር ፈራው። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በአዲስ አበባ በተፈጸመ በሁለት ወሩ፣ ይኸውም በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም.፣ አንድ የጣሊያን ዜጋ ከቅኝ ግዛት ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እሥራት የሚያስቀጣ አዋጅ ወጣ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል በሕግ ተከለከለ። ሴቲቱን በዘፈንና በፎቶግራፍ መመኘት ተፈቀደ፤ አክብሮ ሚስት ማድረግ ግን ወንጀል ሆነ።

ይህ ሕግ ለአስመራ ብቻ የወጣ አልነበረም። ጣሊያኖች «የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታችን» ባሉት አገር ሁሉ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ ከጅማ በሚተዳደረው ክፍል ውስጥ የተመደበችውን ወላይታንም ይመለከት ነበር። በዚያው በ1929 ዓ.ም. የሶዶ ሚሲዮናውያን ከጣቢያቸው ተነሥተው እንዲሄዱ መደረጋቸውን የኦቶና ሰው ከአባቶቹ የሰማው ነው። ስለዚህ የወይዘሮ ዘውዲ ታሪክ ከእኛ ቀዬ የራቀ መስሎ ቢታይም፣ መሠረቱ የተጣለበት ሕግ በሶዶም በኩል አልፏል።

ከዚህም በላይ፣ በሌላ ሰው መነጽር መታየት ምን እንደ ሆነ የወላይታ ሰው ከአስመራ ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በንጉሥ ጦና ላይ በዘመቱ ጊዜ ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ አብሮ ተጉዟል። ያየውንም ከራሱ ፎቶግራፎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ በመጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ ለታሪክ ተመራማሪ ጠቃሚ ምስክር ነው። ዳሩ ግን የዚያ ዘመን ወላይታ ለአውሮፓ አንባቢ የቀረበችው በዘማች እንግዳ ዓይን እንጂ በራሷ አንደበት አይደለም። በምስሉ ላይ ያለው ሰው ዝም ብሎ ይታያል፤ የሚናገረው መሣሪያውን የያዘው ነው። የሲኒማ ካሜራ ከፎቶግራፍ መሣሪያ የሚለየው ምስሉን በማንቀሳቀሱ ነው እንጂ በዚህ ረገድ ያመጣው ለውጥ የለም።

ከዘውዱ ወደ ካሜራው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣሊያን የቁንጅና ውድድር ለሲኒማ እንደ መመልመያ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በተደረገው የ«ሚስ ኢታሊያ» ውድድር አንደኛ የወጣችው ሉቺያ ቦዜ፣ ሦስተኛ የወጣችው ጂና ሎሎብሪጂዳ፣ ከተወዳዳሪዎቹም መካከል የነበረችው ሲልቫና ማንጋኖ ሁሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የታወቁ ተዋንያን ሆኑ። ሶፊያ ሎሬንም በ1950 በዚያው መድረክ አልፋለች። በቱኒዝያ የተወለደችው ክላውዲያ ካርዲናሌ ደግሞ በ1957 በቱኒስ ከሚኖሩት የጣሊያን ቆነጃጅት አንደኛ ተብላ በመመረጧ ለሽልማት ወደ ቬኒስ የፊልም በዓል ተላከች፤ ወደ ሲኒማ የገባችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ከውድድር መድረክ ወደ ፊልም የሚወስደው መንገድ ወይዘሮ ዘውዲ ከመምጣታቸው በፊት የተጠረገ ነበር። ጥቁር ሴት በዋና ተዋናይትነት የተራመደችበት ግን አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ወይዘሮ ዘውዲ እ.ኤ.አ. በ1969 የኤርትራ የቁንጅና ንግሥት ተብለው ተመረጡ። ዕድሜያቸው አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ለአንዲት ወጣት የሲኒማ ሙያ ምን ተስፋ ነበረ? መልሱ አጭር ነው። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረዥም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ለሕዝብ የታየው በ1957 ዓ.ም. ነበር። ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ»ም ሆነ ኃይሌ ገሪማ ስለ ገበሬው ኑሮ የሠራው ታላቅ ፊልም የመጡት በ1970ዎቹ ነው። ፊልም የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ተዋናይን በደመወዝ የሚይዝ ስቱዲዮም አልነበረም። በመሆኑም የፊልም ተዋናይት መሆን ያሰበች ሴት ከአገር መውጣት ነበረባት። ከአስመራ የተነሣ ሰው ደግሞ የሚያውቀው ቋንቋና የሚመለከተው ፊልም ወደ ሮም ይመራው ነበር።

በሮም ወጣቷን ለፊልም የመረጧቸው ዲሬክተር ሉዊጂ ስካቲኒ ናቸው። ስካቲኒ ቀደም ሲል የሩቅ አገርን ሰውና ልማድ እንደ ጉድ እያሳዩ ተመልካችን በሚያስደነግጡ ፊልሞች የታወቁ ነበሩ። ይህን መናገር የሚያስፈልገው ሰውየውን ለመንቀፍ ሳይሆን ወጣቷ የገቡበትን ቤት ለማሳየት ነው። በሩ የተከፈተው ባዕድን አገር ማየት ለሚሻ ገበያ ነበር።

የፊልሞቹ ይዘት

የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ፤ ርእሱም «ባለ ጨረቃ ገላዋ ልጅ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ትዳራቸው የተናጋ ጣሊያናውያን ባልና ሚስት ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደ ነበሩት የሲሸልስ ደሴቶች ይሄዳሉ፤ ባልየውም እዚያ ከአንዲት የደሴቲቱ ወጣት ጋር ፍቅር ይጀምራል። ያችን ወጣት የሚጫወቱት ወይዘሮ ዘውዲ ናቸው። ፊልሙ በገበያ ቀናው፤ የተዋናይቷም ስም በአንድ ጊዜ ታወቀ። ሙዚቃውን የደረሰው ፒዬሮ ኡሚሊያኒ ሲሆን፣ የፊልሙ ሙዚቃ እስከ ዛሬ ድረስ በሰብሳቢዎች ይፈለጋል።

በዓመቱ፣ በ1973፣ በዚያው በስካቲኒ ዲሬክተርነት ሁለተኛው ፊልም ተከተለ። በዚህ ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ በግብፅ ያገኛትን ማርያም የተባለች ሴት አግብቶ ወደ ፌራራ ከተማ ያመጣታል። ከተማይቱ ግን ጥቁር ሙሽራን በፈገግታ አትቀበልም። ጎረቤቱ ያሾካሹካል፤ ዘመዱ ፊቱን ያዞራል። ፊልሙ የገበያ ፊልም መሆኑ አልቀረም፤ ገላን የማሳየት ልማዱንም አልተወም። ሆኖም በወረራው ዘመን ወንጀል የነበረውን ጋብቻ በሮም ሲኒማ ቤት መጋረጃ ላይ አውጥቶ «እነሆ ጎረቤቶቻችሁ እንዲህ ናቸው» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከሕጉ መውጣት ወዲህ ያለፈው ዘመን 36 ዓመት ብቻ ነበረ፤ በአዳራሹ ከተቀመጡት ሽማግሎች አንዳንዶቹ «ፋቼታ ኔራ»ን እየዘፈኑ በምጽዋ ወደብ የወረዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ጣሊያን በአፍሪካ የሠራችውን በግልጽ ተነጋግራ ሳትጨርስ፣ ፊልሙ ጥያቄውን በፍቅር ታሪክ ተመስሎ ወደ አዳራሹ አስገባው።

በ1974 «ገላ»፣ በ1975 በፒየር ሉዶቪኮ ፓቮኒ ዲሬክተርነት «ኃጢአተኛዋ» የተባሉት ተከታትለው መጡ። እዚህ ላይ አንባቢ ርእሶቹን በተርታ ይመልከት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባለ ታሪኳን በጣሊያንኛ «ልጅቷ» ብለው ይጠራሉ፤ ሦስተኛው «ገላ» ይላታል፤ አራተኛው «ኃጢአተኛ»። በአንዱም ርእስ ላይ የሰው ስም የለም። በወረራው ዘመን በፖስታ ካርድ ላይ ስም አልነበረም ብለናል፤ በሲኒማ ቤት ማስታወቂያም ላይ የተዋናይቷ ስም በጉልህ ቢጻፍም የምትጫወታት ሴት ስም አልባ ሆነች። የአማርኛ ቋንቋ ለሰው ክብር የሚሰጥበት «አንቱ» የሚል ቃል አለው። ይህ ሐተታ ባለ ታሪኳን በአንቱታ የሚጠራው ከልማድ ብቻ አይደለም፤ ርእሶቹ የነሡትን ለመመለስም ነው።

ሌላም ነገር እናስተውል። በአንደኛው ፊልም የሲሸልስ ተወላጅ፣ በሁለተኛው ከግብፅ የመጣች ሙሽራ፣ በ«ገላ» ውስጥ ደግሞ በካሪቢያን ባሕር ዳር የምትኖር ሴት ሆነው ይታያሉ። ለፊልም ነጋዴው ሲሸልስ፣ ካይሮና ካሪቢያን ሁሉ አንድ ናቸው፤ ፀሐይ፣ ባሕርና ጥቁር ገላ ካለ በቂ ነው። ፌዴሬሽን አይታ፣ የአስመራን ጎዳና ረግጣ ያደገችው የደቀምሐሬ ልጅ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

በ1976 ሰርጂዮ ኮርቡቺ ያዘጋጁት «አቶ ሮቢንሰን» ግን መልኩ ለየት ይላል። በአገራችንም ተማሪዎች የሚያውቁት የዳንኤል ዴፎ ሮቢንሰን ክሩሶ እ.ኤ.አ. በ1719 ሲታተም፣ በደሴት ላይ የቀረው እንግሊዛዊ «ዓርብ» ብሎ የሰየመውን አገሬ ሰው አገልጋዩ ያደርገዋል። በኮርቡቺ ቀልድ ውስጥ ሮቢንሰን በፓኦሎ ቪላጆ የሚጫወት፣ ከከተማ ኑሮ በቀር ምንም የማያውቅ ጣሊያናዊ ነጋዴ ነው። ዓርብ ደግሞ ሴት ናት፤ የሚጫወቷትም ወይዘሮ ዘውዲ ናቸው። እዚህ ላይ የሚሳቅበት ነጩ ነው። እሳት ማንደድ ያቅተዋል፤ ምግብ ማግኘት ያቅተዋል፤ «ሥልጣኔ» ያለው ነገር ሁሉ በአሸዋ ላይ ከንቱ ይሆንበታል። ተዋናይቷ ከመታየት አልፈው የቀልድን ጊዜ ጠብቀው መጫወት እንደሚችሉ ያሳዩት በዚህ ፊልም ነው። በ1979ም በዚያው በኮርቡቺ «የናፖሊ ምሥጢር» በተባለው ፊልም ከማርቼሎ ማስትሮያኒና ከኦርኔላ ሙቲ ጋር ተጫውተዋል። በዚያው ዓመት በጁሊዮ ፓራዲዚ ፊልም፣ በ1987 ደግሞ በርት ላንካስተር በተጫወተበት በጁልያኖ ሞንታልዶ ፊልም ታይተዋል።

ድምፅና ውል

ስለዚያ ዘመን የጣሊያን ሲኒማ አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ድምፅ የሚቀዳው ፊልሙ በሚነሣበት ጊዜ ሳይሆን በኋላ በስቱዲዮ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በተዋናዩ ፈንታ ሌላ ሰው ይናገር ነበር። ከላይ የጠቀስናት ክላውዲያ ካርዲናሌ እንኳ የራሷ ድምፅ በጣሊያን ፊልም ውስጥ የተሰማው ፌሊኒ በ1963 ባወጣው «ስምንት ተኩል» ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፊቷ የእርሷ፣ ድምፁ የሌላ ነበር። ይህ አሠራር ለፊልሙ ሠሪ ይመቻል። ከፊቱ ተለይቶ የሚሸጥ ድምፅ፣ ከድምፁ ተለይቶ የሚሸጥ ፊት ያስገኝለታልና። ወይዘሮ ዘውዲ ለሁለተኛው ፊልማቸው ዘፈን ዘፍነው በሸክላ መቀዳታቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በመልክ ለታወቀች ሴት የራስ ድምፅ በሸክላ መቅረቱ አንድ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ነገር ውል ነው። ካርዲናሌ ከፕሮዲዩሰሩ ከፍራንኮ ክሪስታልዲ ጋር ለረዥም ዘመን በጽኑ ውል ታስራ፣ ፊልሞቿ በዓለም ሲሸጡ እርሷ ግን በወር ደመወዝ ትሠራ እንደ ነበር ራሷ በኋላ ተናግራለች። ከዚህ የምንማረው የዝና መጠንና የሥልጣን መጠን አንድ አለመሆናቸውን ነው። ስሟ በጎዳና ላይ በጉልህ የተጻፈ ተዋናይት፣ ፊልሙ ምን እንደሚል የመወሰን መብት ሳይኖራት ልትቀር ትችላለች። መብቱ ያለው ታሪኩን የሚገዛው፣ ገንዘቡን የሚያሰባስበው፣ የመጨረሻውን ቅጂ የሚያጸድቀው ሰው ነው። እርሱም ፕሮዲዩሰር ይባላል።

ከካሜራው ኋላ

ወይዘሮ ዘውዲ በ1983 ከዚሁ ከክሪስታልዲ ጋር ተጋቡ። ክሪስታልዲ ከታላላቆቹ የጣሊያን ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ነበሩ። የፒዬትሮ ጀርሚ «ፍቺ በጣሊያን ወግ» (1961)፣ የፌሊኒ «አማርኮርድ» (1973)፣ ከኡምቤርቶ ኤኮ መጽሐፍ የተሠራው «የጽጌረዳ ስም» (1986)፣ የጁዜፔ ቶርናቶሬ «ኑኦቮ ሲኒማ ፓራዲዞ» (1988) ከእጃቸው የወጡ ናቸው። የመጨረሻው የፕሮዲዩሰርን ሙያ ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ርዝመት ኖሮት ሲታይ ተመልካች አጣ። ክሪስታልዲ እንዲያጥር አጥብቀው ወሰኑ፤ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ወርዶ እንደ ገና ቀረበ። በ1989 በካን ታላቅ ሽልማት፣ በ1990 ደግሞ ለውጭ አገር ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር አገኘ። ዲሬክተሩም ተዋንያኑም ያው ናቸው፤ ውጤቱን የለወጠው በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ነው።

ክሪስታልዲ በ1992 ሲሞቱ፣ ወይዘሮ ዘውዲ የሞተ ባልን ስም ይዞ በቤት መቀመጥን አልመረጡም። በፕሮዲዩሰርነት መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ የክሪስታልዲን ፊልሞች በያዘው ድርጅት ኀላፊነትም ሠሩ። ይህ ሥራ ከሩቅ ሲታይ ዝና የለውም። ኔጋቲቭ እንዳይበሰብስ ማስጠበቅ፣ ያረጀ ቅጂ ማሳደስ፣ የማሳያ መብት መዋዋል፣ ለአዲስ ፊልም ገንዘብ ማፈላለግ ነው። ነገር ግን በ1972 ሌሎች በጻፉላቸው ታሪክ ውስጥ ስም አልባ የደሴት ልጅ የነበሩት ሴት፣ ከጣሊያን ሲኒማ ቅርስ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለውን ክፍል ከሚጠብቁት አንዷ ሆኑ። የደቀምሐሬ ተወላጅ ለፌሊኒ ፊልም ጠባቂ ትሆናለች ብሎ በ1937 አዋጁን የፈረመ ሰው ሊያስብ አይችልም ነበር።

ሁለት ፍርዶች

በወይዘሮ ዘውዲ የፊልም ሕይወት ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ገላቸውን ለነጭ ገበያ አቅርበዋል፤ የአፍሪካን ሴት የምኞት ዕቃ በሚያደርግ ሥራ ተባብረዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «በነጭ ሲኒማ ውስጥ ጥቁር ሴት ዋና ተዋናይት እንድትሆን በር ከፍተዋል» ብሎ ያሞግሳል።

የመጀመሪያው ፍርድ ስለ ፊልሞቹ ያለው እውነት ነው። ከላይ ርእሶቹን ስንመረምር ያየነው ይህንኑ ነው። ስሕተቱ ግን ተወቃሹን በመምረጥ ላይ ነው። ታሪኩን የጻፉት፣ ገንዘቡን ያወጡት፣ ትኬቱን የገዙት ሌሎች ሳሉ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረችን ሴት ብቻ ለፍርድ ማቆም፣ በመግቢያችን ላይ እንዳነሣነው ተረት፣ ምክሩን ሁሉ ለባለመልኳ መስጠት ነው። ሁለተኛውም ፍርድ ቢሆን ችኩል ነው። በ1996 ዴኒ ሜንዴስ የተባለች የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ተወላጅ «ሚስ ኢታሊያ» ተብላ ስትመረጥ፣ ከዳኞቹ መካከል ጥቁር ሴት የጣሊያንን ቁንጅና ልትወክል አትችልም እስከ ማለት የደረሱ ነበሩ። ይህ የሆነው ወይዘሮ ዘውዲ በሸራው ላይ ከታዩ ከ24 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ በሩ ተከፈተ ቢባልም፣ ጥቁሯን ሴት በሩቅ ደሴት ላይ ለማየት የፈቀደ ተመልካች በገዛ ከተማው ውስጥ እኩል አድርጎ ለመቀበል ገና ያመነታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐያት አህመድ ኢትዮጵያን ወክላ በዓለም የቁንጅና ውድድር የአፍሪካን ማዕረግ አግኝታለች፤ በ2013 በኢትዮጵያ የተወለደችው ይትይሽ አይናው «ሚስ እስራኤል» ተብላለች። በአገር ውስጥም ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በአማርኛ የሚሠራው ፊልም በዝቶ፣ አንዲት ወጣት ተዋናይት ለመሆን የግድ ወደ ሮም መሻገር የማያስፈልጋት ሆኗል። ይሁንና ጥያቄው አልተለወጠም፤ ታሪኩን ማን ይጽፋል? ውሉን ማን ያነባል? የመጨረሻውን ቅጂ ማን ያጸድቃል?

የወይዘሮ ዘውዲ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ንግግር ሳይሆን አካሄድ ነው። በመልክ ገቡ፤ ሥራውን በሥራ ላይ ተማሩ፤ ከዚያም ውሳኔው ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ ተሻገሩ። በዚህ ጉዞ ዕድልና ጋብቻ መርዳታቸው አይካድም። ነገር ግን ከ1992 በኋላ የተሠራውን ሥራ ዕድል አይሠራውም፤ ያን የሚሠራ ሙያ ነው።

ለእኛም የሚቀር ትንሽ ተግባር አለ። በኦቶናም ሆነ በሌላው የሥራ ቦታ በየግድግዳው የተሰቀሉ፣ በየመዝገብ ቤቱ የተቀመጡ የቆዩ ፎቶግራፎች አሉ። ብዙውን ጊዜ ከሥራቸው የተጻፈው የኀላፊዎቹ ስም ነው፤ በጎን የቆሙት ነርሶች፣ አስተማሪዎችና የጽሕፈት ሠራተኞች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ስም የላቸውም። የሚያውቋቸው ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስምና ሙያ መጻፍ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የማኅበራችን አባላት በያሉበት ይህን ቢጀምሩ፣ ቢያንስ በእኛ ገጾች ላይ «ልጅቷ» ተብላ ብቻ የምትቀር ሠራተኛ አትኖርም።